ገላጋዩ የያዘው ሰው

እ.ኤ.አ. በ2009 ፌብሩዋሪ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ ምድር ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፦ ስለ ዓለም ፖለቲካ የሚያስተምሩን ጋሽ ልሳነወርቅ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው ገላው፣ ባለቤቱ የወይንሐረግ፣ ያለው የሚባለው የታክሲ ሹፌር እና እኔ። ገላው ወታደር ሳለ ባድመ ላይ ፍንጣሪ ግራ ዓይኑን አጥፍቶበታል። የሚያየው በቀኙ ብቻ ነበር።

የዕለቱ ትምህርት መንግሥታት ለምን እንደሚዋጉ ነበር። ጋሽ ልሳነወርቅ ሰሌዳው ላይ «ሥጋት፣ መሬት፣ ክብር» ብለው ጻፉ።

«የባድመው በየትኛው ይገባል ጋሼ?» አለ ያለው፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ።

«ለክብር ነው የሚሉ አሉ።»

«የምን ክብር! ወፍ ለማያርፍበት ድንጋይ አንዱ ፋራ ዓይኑን ሰጠ በሉት።»

ገላው ተነሣ። «እስቲ ድገማት።»

«የቷን? ፋራ የምትለዋን ነው ዓይኑን የምትለዋን?»

የወይንሐረግ ጃኬቱን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ገላው ያለውን በቴስታ አገኘው። አፍንጫው ሲሰበር ሁላችንም ሰማን። ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ ደም ወለሉ ላይ ተረጨ።

ጋሽ ልሳነወርቅ ለእሳቸው የቀረበውን ያዙ። ገላውን ከኋላ አቅፈው ሁለት እጆቹን ከጎኑ ጋር አጣበቁት።

«ተው ልጄ፣ በማርያም ተው!»

«ልቀቁኝ ጋሼ! እሱንም ያዙት እንጂ!»

ያለውን የያዘው ሰው አልነበረም። በእኔና በእሱ መካከል የተገለበጠው ጠረጴዛ ነበር። ቁልፉን እንደጨበጠ መጀመሪያ የገላውን አፍ መታ፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ግንባሩን። ገላው ፊቱን የሚከልልበት እጅ አልነበረውም።

«ዓይኑን! በእናትህ ዓይኑን ተው!» የወይንሐረግ የያለው ክንድ ላይ ተንጠለጠለች። ግድግዳው ላይ ወረወራትና ደገመው። ቁልፉ የገላው ቀኝ ዓይን ውስጥ ገባ።

ጠረጴዛውን ዘልዬ ያለውን በአንገቱ አንቄ ጣልኩት። ጋሽ ልሳነወርቅ ገላውን አሁንም እንዳቀፉት ነበሩ።

«ይዘው አስመቱኝ» አላቸው።

«ልገላግል እኮ ነው ልጄ።»

«መብራቱን ማን አጠፋው?»

መብራቱ አልጠፋም ነበር።

ያለው በዚያው ምሽት ታሰረ። ሐኪሞቹ በማግስቱ የገላውን ቀኝ ዓይን አወጡት።