ያልተወረወረችው ኳስ

በቤዝቦል ጨዋታ ቤዝ፣ ማለትም ቀጣዩን ማረፊያ ትራስ፣ ሰርቆ ማደር ከባድ እንጀራ ነው። ወርዋሪው ዓይኑን ካንተ ላይ ሲያነሳ ጠብቀህ ትበራለህ፤ ተቀባዩ ኳሷን ሊያስይዝብህ ሲወረውር አንተ በደረትህ ተንሸራተህ መቅደም አለብህ። ኤሊሂዮ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። የመጀመሪያውን ቤዝ ሲሰርቅ ጫማው የጎረቤት ነበር። መቶኛውን ሲሰርቅ ጣቱ ተሰበረ፤ የሳን ፔድሮ ከተማ ሰው ትከሻው ላይ አውጥቶት ሲጨፍር ግን ጣቱን ያስታወሰለት አልነበረም። ባለፈው ወር ደግሞ የሊጉን ክብረ ወሰን ተስተካከለ። አንዲት ቤዝ ቀረችው። ጉልበቱ ግን አልቋል፤ ሐኪሙም ሚስቱም የዛሬው ጨዋታ የመጨረሻህ ነው ብለውታል።

ክብረ ወሰኑ የዶን ፕሊንዮ ነው። የወርዋሪን ተረከዝ እያዩ መነሳትን ለኤሊሂዮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ከመረቡ ጀርባ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ናርሲሶ የተጋጣሚው ቡድን ተቀባይ ሲሆን ለኤሊሂዮ አበልጁ ነው፤ የኤሊሂዮን ልጅ፣ ትንሿን ኖይሚን፣ ክርስትና ያነሳት እሱ ነው።

ባለፈው እሁድ ዶሚኖ ሲጫወቱ ነገሩን ያነሳው ራሱ ኤሊሂዮ ነበር።

«አበልጄ፣ እንዳታዝንልኝ።»

«ማን? እኔ?» አለ ናርሲሶ ዶሚኖውን ጠረጴዛው ላይ እያጮኸ። «ባለኝ ጉልበት ነው የምወረውርብህ! ሽማግሌ ሌባ ይዤ ፎቶ መነሳት አምሮኛል።»

«ማልልኝ።»

«ኖይሚን! ኖይሚ ትሙት! ከቀደምከኝ ያንተ፣ ካልቀደምከኝ የራስህ ጉድ።»

ኤሊሂዮ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

በዛሬው ጨዋታ የመጨረሻ ዙር የኤሊሂዮ ቡድን በሰፊ ልዩነት እየተመራ ነበር። እሱ የመጀመሪያው ቤዝ ላይ ቆሟል። ሰዉ ለውጤቱ ደንታም የለው፤ የመጣው ሌባውን ሊያይ ነው።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል! ምን ትጠብቃለህ፣ ሂድ እንጂ!» አለች የሙዝ ጥብስ ሻጯ።

የወርዋሪው ተረከዝ ተነሳ። ኤሊሂዮ በረረ። ጉልበቱ ጮኸበት፣ ተንሸራተተ፣ ሁለተኛውን ቤዝ አቀፈው። ስታዲየሙ ተናወጠ። ቤዙን ነቅሎ ወደ ላይ አንስቶ፣ ፊቱ አፈር ለብሶ ሲስቅ፣ ድምፅ ማጉያው ተናገረ፤ አይቆጠርም።

ሕጉ ነው። ተከላካዮቹ ሊያስቆሙህ ካልሞከሩ ሄድክ ትባላለህ እንጂ ሰረቅክ አትባልም። ኤሊሂዮ ዞር ሲል ኳሷ ናርሲሶ እጅ ውስጥ ናት። ሊወረውር እጁን እንኳ አላነሳም። ናርሲሶ ደግሞ ይህን ሕግ እንደ አባታችን ሆይ ነው የሚያውቀው።

በሚቀጥለው ኳስ ኤሊሂዮ ሦስተኛውን ያዘ። ናርሲሶ አሁንም ኳሷን ታቅፎ ቀረ። አይቆጠርም። ኤሊሂዮ ከመረቡ ጀርባ ወዳሉት ሽማግሌ ተመለከተ። ዶን ፕሊንዮ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ገባው፤ ክብረ ወሰናቸው እንዳይሰበር ነው። ጠላት ቢያደርገው ምን ይገርማል? መሮጥ ያስተማረው ሰው ነው የመከረበት።

በመጨረሻም ናርሲሶ ወደሚጠብቀው መነሻ ቤዝ ሮጠ። ናርሲሶ ኳሷን ተቀብሎ ከመንገዱ ገለል አለለት። ኤሊሂዮ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እሳቸው ናቸው የለመኑህ?»

«አባቴ ነው፣ ምን ላድርግ? ከዚህ ሌላ ምን ቀረው?» አለ ናርሲሶ ቀና ሳይል። «እለፍ በቃ።»

«ንካኝ።»

«አበልጄ፣ በናትህ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየን! ብትወረውርና ብትይዘኝ እኮ እጅህን ስሜ ነበር የምሄደው። ንካኝ አልኩህ!»

ናርሲሶ ኳሷን በያዘው ጓንት ደረቱን ነካው። ቤዙ ሳይደርስ በኳስ የተነካ ሯጭ ይወጣልና ዳኛው ኤሊሂዮን አስወጣው፤ ጨዋታውም በዚያው አለቀ።

መውጫው ላይ ናርሲሶ የአባቱን ወንበር እየገፋ ደረሰበት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጉልበታቸው ላይ አላነሱም።

«እሁድ እንመጣለን» አለ ናርሲሶ። «ለኖይሚ ምን ላምጣላት?»

ኤሊሂዮ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«አንተ እኮ ኖይሚ ትሙት ብለሃል» አለው። «ከእንግዲህ ለሷ ምን ታመጣላታለህ?»

እያነከሰ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።