ማክሰኞ በብርድ ክፍል

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ብርድ ክፍል ገብቼ እተኛለሁ። ክፍሉ የምርምር ተቋሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ አሥራ ስድስት ዲግሪ የሚል ቁጥር። ስስ ሸሚዝና ቁምጣ ያለብሱኛል፤ ከወገቤ በታች አንሶላ ጣል ያደርጉብኛል። ፊቴ ላይ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ክዳን ይደፋል፤ ክዳኑ ትንፋሼን በቱቦ እየሳበ ይለካል። ከብርዱ በፊትና በኋላ ደም ይቀዱኛል።

ወደን የምንመጣው አምስት ሽማግሌዎች ነን። ከእኔ በፊት የሚገባው ጡረተኛ ሾፌር፣ "እኛ እኮ ፍሪጅ የገባን ዶሮዎች ነን" ይላል። "ዶሮ እንኳ ሞቶ ነው የሚገባው።"

ተመራማሪዋ የልጄ እኩያ ናት። በመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

"አባባ፣ ሰው አንገቱ አካባቢ ቡናማ ስብ አለው። ነጩ ስብ ይከማቻል፤ ቡናማው ግን እየነደደ ገላ ያሞቃል።"

"እኔ ጋ ከየት ይመጣል? ነጩም የለኝ።"

ሳቀች። "በዕድሜ ይቀንሳል። ጉበት ያስቀመጠው ቫይታሚን ኤ ብርድ ሲመጣ በደም ወደ ስቡ ሄዶ እንዲነድ ያግዘው እንደሆነ ነው የምናጠናው። ቫይታሚኑን ከደምዎ፣ የነደደውን ከትንፋሽዎ እናያለን። አንድ ነገር ብቻ አደራ። መንቀጥቀጥ ከጀመሩ እናቆማለን። ያኔ የሚያሞቀው ጡንቻ ነው፤ ልኬቱ ይበላሻል።"

በየአሥር ደቂቃው ክዳኑ ላይ ጎንበስ ትላለች። "አባባ፣ ደህና ነዎት? በረደዎት?" ደህና ከሆንኩ አንድ ጣት አነሳለሁ፤ ከተንቀጠቀጥኩ ሁለት። የቻለ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቆያል። ሾፌሩ አርባ ደቂቃ ሞልቶ አያውቅም።

ባለቤቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ልጄ ሌላ ከተማ ነው፤ ይደውላል፣ ግን ይቸኩላል። ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ በሬን የሚያንኳኳ የለም።

በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ሃምሳ ደቂቃ ላይ፣ ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ጣት አነሳሁ። ከአንሶላው ሥር እግሬን ከአልጋው ብረት ጋር አጥብቄ ገፋሁ፤ መንቀጥቀጡ ጠፋ። ጥርሴን ነክሼ ሁለት ሰዓቱን ሞላሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ሦስተኛውንም አራተኛውንም እንዲሁ።

በአምስተኛው ማክሰኞ ገና ልብሴን ሳልቀይር ወረቀት ይዛ መጣች።

"አባባ፣ ጉድ ነው! የእርስዎ ገላ ምድጃ ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚነድ ሰው አላየሁም። የደሙ ውጤት ሲመጣ ከቫይታሚኑ ጋር እናስተያየዋለን። ከሰዓት በኋላ ለአለቃዬ አሳየዋለሁ።"

ሾፌሩ ኮሪደሩ ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ በድብቅ ምን እየበላህ ነው? ለእኛም ንገረን እንጂ!"

ወረቀቱን አየሁት። መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት መጋዘን ውስጥ እህል መዝኛለሁ። ሚዛኑ ላይ እግሩን ሸርተት የሚያደርግ ነጋዴ ስንቱን አባርሬያለሁ።

"ልጄ፣ እስቲ በሩን ዝጊው" አልኳት።

ዘጋችው።

"ስቡ አይደለም። እግሬ ነው።"

አልገባትም። አልጋው ላይ ወጥቼ እንዴት እንደምገፋ አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሁለተኛው ቀን።"

"ለምን አባባ? ማንም አላስገደደዎትም እኮ።"

"ትጠይቂኛለሽ።"

"ምን ብዬ?"

"ደህና ነዎት ወይ እያልሽ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው፤ እንደገና አጠፈችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

"የእርስዎ ልኬት በሙሉ ከጥናቱ ይወጣል" አለች በመጨረሻ። "ከእንግዲህም መግባት አይችሉም። ደንቡ ነው።"

"አውቃለሁ።"

የመውጫ ቅጽ አመጣች። "የወጡበት ምክንያት" የሚል ባዶ መስመር አለው። እስክሪብቶዋን እላዩ ላይ ይዛ ቆየች፤ ልትጽፈው አልቻለችም። ተቀበልኳትና በገዛ እጄ "ዋሽቻለሁ" ብዬ ፈረምኩ።

ደረጃውን ወርጄ መንገድ ላይ ስቆም ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ቀሪውን ቀን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።