በደረት ውስጥ ያለች ጨረቃ

መልእክቱ የደረሰው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ራጅ አንሺው የጠዋቱን የመጨረሻ ታካሚ፣ ክንዱ የተሰበረ ብስክሌተኛ፣ ሸኝቶ፣ ያንን ከባድ የጨረር መከላከያ ሽርጥ መስቀያው ላይ ሰቅሎ ስልኩን ከፈተ። ላኪው «ጉጉት» ነበር።

በክሪፕቶ ስዕል ሰፈር፣ ዲጂታል ስዕል በኢንተርኔት በሚሸጥበትና በሚገዛበት ዓለም፣ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ቅጽል ስም እንጂ ፊት ያለው የለም። ጉጉት ሰብሳቢ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ዲጂታል ስዕሎች በዋሌቱ፣ በዲጂታል ቦርሳው፣ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሳሎኑ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ እያፈራረቀ ያያቸዋል። ከሰባት ወር በፊት «ጨረቃ» የተባለችውን፣ በደረት ራጅ ላይ የተቀባችውን የራጅ አንሺውን ስዕል የገዛው እሱ ነው። ራጅ አንሺውም «አጥንት ቀቢው» ተብሎ በዚያ ሰፈር መከበር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ግን ማንም ቦታ አይሰጠውም፤ «አንተ፣ ቀጣዩን አስገባ» የሚባል ሰው ነው።

«ይቅርታ አድርግልኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ» ይላል መልእክቱ። «ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የሳንባ ሐኪም ነበርኩ። ጨረቃህን በየቀኑ አያታለሁ። በቀኝ በኩል፣ ከሦስተኛው የጎድን አጥንት በታች ያለችው ክብ ነገር፣ አንተ የሳልካት ናት ወይስ ድሮውንም ነበረች? ከነበረች፣ ሰውየው ሐኪም ዘንድ ቀርቧል?»

ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ክቧ ነገር ድሮውንም ነበረች፤ የሱ ቀለሙ ብቻ ነው። ደረቱ ደግሞ የአባቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አዲሱ ማሽን የተተከለ ሰሞን፣ ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ አባቱ፣ እሳቸው ዘንድ ረስቶት የሄደውን መነጽር ሊያቀብሉት ክሊኒክ መጡ። «ይምጡ አባባ፣ ይቁሙልኝ፣ ማሽኑን ልሞክርብዎ» አላቸው። ሰውን ያለ በሽታው ጨረር ፊት ማቆም ነውር እንደሆነ ያውቃል፤ ግን አዲስ ዕቃ ያገኘ ሰው እጁ መች ያርፋል! ሸሚዛቸውን አስወልቆ አነሳቸው። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ክቧን ነገር አያት። አየ እንጂ! «የሸሚዝ ቁልፍ ትሆናለች» አለ ለራሱ። ሸሚዙ ግን እዚያው ፊት ለፊቱ ተንጠልጥሏል። «ደግሞስ ማንበብ የሐኪም ሥራ ነው፣ እኔ አንሺ ነኝ» ብሎ ጨመረበት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የሱ ልብ ደግሞ ያኔ በጎድን አጥንቶች መሐል የወጣች ጨረቃ ላይ ነበር። ቤቱ ሄዶ አጥንቶቹን ሰማያዊ፣ እሷን ቢጫ ቀባት። ቀስ እያለች እንድትደምቅና እንድትደበዝዝ አደረጋት። ለአንድ ሐኪም ሳያሳያት ለዓለም አሳያት።

አባቱ መሸጧን ሲሰሙ፣ «ውስጡን ለቄስ ሲባል ነበር የማውቀው፤ አንተ የኔን ውስጥ ለገበያ አወጣኸው?» ብለው ቀለዱበት። ያን ቀን ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እህቱ ግን ስለ ስዕሏም ስለ ራጁም አልሰማችም።

የጉጉት መልእክት በደረሰ ማግስት አባቱን «አንዴ ደግሜ ላንሳዎ» ብሎ አመጣቸው። ክቧ ነገር አድጋለች፤ በግራ በኩልም ትናንሽ ልጆች ዘርታለች። ምርመራው አልቆ ሐኪሙ ቤተሰቡን ሲያስጠራ፣ አባቱን ውጭ አስቀምጦ ከአስተማሪዋ ታላቅ እህቱ ጋር ገባ።

«ከስድስት ሰባት ወር በፊት ብናየው ኖሮ ቆርጠን እናወጣው ነበር» አለ ሐኪሙ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ ነበር። አሁን ተሰራጭቷል።»

«ቀደም ብሎ ሊታወቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም?» አለች እህቱ።

«ምስል ሳይነሳ በምን ይታወቃል?»

ራጅ አንሺው የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። እሱ ቀኑን ከነደቂቃው ያውቀዋል። ጨረቃ የተመዘገበችበት ጊዜ የስዕሎቹ ሽያጭ ሁሉ በሚጻፍበት የጋራ ዲጂታል መዝገብ፣ ብሎክቼይኑ ላይ ሰፍሯል፤ የዓለም ሰው ሁሉ ቢፈልግ ያነበዋል፣ ማንም ግን አይፍቀውም። «የኛ መዝገብ አይጥ አይበላው፣ ውሃ አይነካው» እያለ ለባልደረቦቹ ሲጎርር የኖረ ሰው እኮ ነው!

ከሐኪሙ ቢሮ እንደወጣ ለጉጉት ጻፈ። ሁሉንም ነግሮ «አቃጥልልኝ» ሲል ለመነው። በዚያ ሰፈር ስዕል ማቃጠል ማለት ማንም ሊከፍተው ወደማይችል ዋሌት ልኮ እዚያው ማስቀረት ነው።

«አቃጥላታለሁ» ብሎ መለሰ ጉጉት። «ግን አንተም ታውቃለህ፣ መቼ እንደተሠራች የሚናገረው መስመር አይቃጠልም። ይልቅ ለአባትህ ንገራቸው።»

ጨረቃ በዚያው ቀን ተቃጠለች። ሰፈሩ አበደ። ሰብሳቢ የገዛ ስዕሉን ሲያቃጥል የሠዓሊው ሌሎች ሥራዎች ብርቅ ይሆናሉና የእንኳን ደስ ያለህ መአት ዘነበበት። አንዱማ «ሌላ ደረት የለህም?» ብሎ ጻፈለት። ራጅ አንሺው ስልኩን አጥፍቶ ሶፋው ላይ ወረወረው።

እሑድ ጠዋት አባቱ ቤት ሄደ። የእህቱን ቀሚስ ጠርዝ እየሰፉ አገኛቸው።

«አባባ፣ ያኔ አይቻት ነበር» አላቸው ገና ሳይቀመጥ።

«ምኗን?»

«ክቧን ነገር። አይቼ የሸሚዝ ቁልፍ ናት አልኩ። ሸሚዝዎ እኮ ፊቴ ተሰቅሎ ነበር! አይቼ ቀለም ቀባኋት።» ከዚያ የአርባ ዓመት ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አባቱ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። «አንተ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ሳል ያዛቸው፤ ውሃ ሊያቀብላቸው ሲነሳ በእጃቸው ከለከሉት።

«ሰባት ወር» አሉ ሳሉ ሲለቃቸው። «ለእህትህ ነግረሃታል?»

«ዛሬ ልነግራት ነው።»

«አትነግራትም። እኔ ሂያጅ ነኝ፤ እሷ የሚቀራት አንተ ብቻ ነህ። ይህን ከሰማች በአንድ ቀን ሁለት ሰው ነው የምትቀብረው።»

«አባባ፣ እኔ እንዴት አድርጌ...»

«ምሬህ እንዳይመስልህ! ገና አልማርኩህም። ግን አትነግራትም። እሺ በል።»

«እሺ» አለ።

አባቱ ሕመሙ በታወቀ በአራተኛው ወር አረፉ። እስከዚያ ድረስ ያጥባቸው፣ ያጎርሳቸው፣ ማታ ማታ እግራቸውን ያሽላቸው ነበር። ይማሩት አይማሩት አልነገሩትም፤ እሱም መጠየቅ ፈራ።

ከቀብር መልስ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። እህቱ ከጎረቤት ሴቶች መሐል ተቀምጣ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ስለ አባቷ ሕመም ታወራለች። ራጅ አንሺው ለእንግዳ ወንበር ይዞ ሲገባ እጁን ያዘችና ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«እሱ ባይኖር እስከ መጨረሻውም አናውቅም ነበር» አለች። «ምን እንደታየው እንጃ፣ ምንም ሳያማቸው አንድ ቀን ብድግ አለና ወስዶ ራጅ አነሳቸው። አራት ወር እንኳ አውቀን የተሰናበትናቸው በሱ ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ለሁሉም ይስጥ!»

እጁን አገላብጣ ሳመችው። ሴቶቹ ተራ በተራ መረቁት፤ «ዓይንህ ይባረክ» አለች አንዷ አሮጊት። ሁሉም መልሱን ሲጠብቁ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።