ከመንገዱ ማዶ ያለው ድስት

«ይኼማ ስኳር ነው!» አለች ኡሳኒ፣ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ እየመለሰች።

«ትንሽ ናት እህቴ፤ ተማሪ ካልጣፈጠው አይበላም» አለ ሻጩ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ። «የድሮውን ወጥ ከፈለግሽ ሙዚየም ሂጂ።»

አራተኛው ምግብ ቤት ነበር። ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሊሆን ነው። በመምህራን ኮሌጁ በር ዙሪያ ያሉት የሩዝና የወጥ መሸጫዎች ስድስት ሰዓት ላይ ድስታቸውን ያጥባሉ።

እናቷ ፕራኖም ምግብ ከተወች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ወድቃ የተሰበረ ዳሌዋ ተጠግኖላታል፤ ቁስሉም እየዳነ ነው፤ አፏ ግን ተዘጋ። መዋጥ አላቃታትም። ማንኪያ ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ በቃ። የሆስፒታሉ ሐኪም «እስከ ሰባት ሰዓት ካልበላች በአፍንጫዋ ቱቦ እናስገባለን፤ እንዳትነቅለው እጇ መታሰሩ አይቀርም» ብሏል። ኡሳኒ እንቅልፍ ያጣችው ስለ ቱቦው አልነበረም፤ ስለ እናቷ እጆች ነው። እነዚያ እጆች ሠላሳ ዓመት እዚሁ በር ላይ የዓሣ አንጀት ወጥ እየጨለፉ ነው እሷን ጀርመን ድረስ ልከው ያስተማሯት።

ትናንት ኡሳኒ ያንኑ ወጥ ራሷ ሠርታ ወስዳላት ነበር። እናቷ አሸተተችውና በስድስት ቀን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ሽታ የለውም።»

ሃምቡርግ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የምግብ ኬሚስትሪ ተምራለች፣ ሠርታለች። ጨውን በሚሊግራም ትለካለች። የእናቷ ወጥ ምን ምን ይል እንደነበር ግን ምላሷ ረስቶታል። የተሳሳተውን ይዛ ብትሄድስ? እናቷ አፏን ብትከፍት አንዴ ነው።

ያልገባችበት አንድ ቤት ብቻ ቀርቷል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የላማይ ቤት። ልጅ ሳለች ወደዚያ ማየት እንኳ ያስገርፋት ነበር። «የላማይን ወጥ ድመት አሽትታ ታልፈዋለች» ትል ነበር እናቷ፣ ማዶ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ተሻገረች። በሩ ላይ ሽታው ተቀበላት፤ የሰነበተ ዓሣ፣ እርድ፣ የሎሚ ሣር። ተከትላው ገባች።

መደርደሪያው ላይ በተደረደሩት ድስቶች ውስጥ ግን ያለው ጣፋጭ ዶሮና እንቁላል ብቻ ነበር። ሽታው የሚመጣው ከኋላ ነው። አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴት ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከትንሽ ድስት እየጨለፈች፣ ጥሬ ቅጠልና የሚሸት ባቄላ እያከለች ትበላለች።

«እትዬ፣ እሱን ይሽጡልኝ።»

«ይኼ አይሸጥም፤ የራሴ ምሳ ነው። ልጆቹ ከሸተታቸው ይሸሹኛል።» ቀና ብላ አየቻት። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? ፊትሽ ወረቀት መሰለ።»

«ላንዴ ልቅመሰው ብቻ።»

ላማይ ማንኪያ አቀበለቻት። አቃጠላት፤ መረራት፤ ዕንባዋ መጣ። ይሄ ነው? ወይስ እንዲሆን ስለፈለገች ነው? አላወቀችም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ኡሳኒ መዋሸት አማራት። «የፕራኖም» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«የፕራኖም!» ማንኪያው ድስቱ ውስጥ ተንኳኳ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የድመት ምግብ እያለች ደንበኛ ያባረረችብኝ! እኔም አልተኛሁላትም፤ የእሷን የእግር እጣቢ ነበር የምለው።» ድስቱን ማማሰል ጀመረች። «ለምንድነው ሱቋን የዘጋችው? እሷ ከሄደች ወዲህ ይኼ መንገድ ጭር ብሎብኛል።»

ኡሳኒ ነገረቻት። ላማይ ወጡን ፌስታል ውስጥ ገለበጠችና በላስቲክ አሰረችው። «በይ ውሰጂ። አንቺ ነሽ የሠራሽው፤ ገባሽ? የልጄ ነው ብላ ትውጠዋለች።»

ስልኳ ጮኸ፤ ወንድሟ ዊቱን ነበር።

«የት ነሽ? ሐኪሙ ቀድሞ መጣ። ፈርም እያለኝ ነው። ኡሳኒ፣ ማሰሪያ ጨርቁን አልጋው ላይ አስቀምጠውታል፤ እሷም እያየችው ነው።»

ኡሳኒ የሞተር ብስክሌቷን ቁልፍ አወጣች። «እንዳትፈርም።»

«አገኘሽው?»

«አላውቅም። ብቻ እንዳትፈርም፤ መጣሁ።»

ፌስታሉን ያዘች፤ ይሞቃል። እኔ ነኝ የሠራሁት ብትላት፣ እናቷ አንዴ አሽትታ ውሸቱን ታውቅና ፊቷን ወደ ግድግዳው ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ነው።

«እትዬ ላማይ፣ ይምጡ አብረን እንሂድ።»

«አበድሽ? ገና ስታየኝ ነው ስድቡን የምታወርደው!»

«ለመሳደብ አፏን መክፈት አለባት።»

አሮጊቷ ድስቶቹን አየች፤ በሩ ላይ የቆሙትን ሁለት ተማሪዎች አየች። ከዚያ ሽርጧን ፈታች። «ዛሬ ምሳ የለም፤ ሂዱ ማዶ ስኳራችሁን ብሉ» አለቻቸው።

ሞተር ብስክሌቷ ላይ ያለው የራስ ቁር አንድ ብቻ ነበር። ኡሳኒ ፌስታሉን መሪው ላይ አንጠለጠለችና የራስ ቁሩን በላማይ ነጭ ፀጉር ላይ ደፋችው። ማሰሪያውን ከአገጯ ሥር አሰረችላትና ሞተሩን ወደ ሆስፒታሉ አስነሳች።