የመኳንንት ኩርፊያ

መኳንንት ካኮረፈ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ያኮረፈው ደግሞ ባንዴ ሁለት ሰው ነው፦ አንደኛዋ ልጁ ማራማዊት፣ ሁለተኛው ቤድፎርድ መናፈሻ ውስጥ ታይ ቺ የሚባለውን የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያስተምሩት ቻይናዊው ሽማግሌ፣ ሚስተር ሊዩ።

የልጁ ጥፋት ሂውስተን ኮሌጅ ልገባ ነው ማለቷ ነው። ዳላስ ውስጥ ኮሌጅ ሞልቶ ሳለ፣ ያውም አባቷን ሳታማክር! በቃ፣ አፉን ዘጋ። ራት ላይ ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ «እማዋይሽ፣ ጨው ታቀብለኝ በያት» ይላል ለሚስቱ። ጨው ይመጣል፤ የጠበቀው ይቅርታ ግን አይመጣም። «የአኩራፊ ምሳው ራት ይሆነዋል» እያለች ሚስቱ ብትተርትበትም አልሰማትም።

የሚስተር ሊዩ ጥፋት ደግሞ እሱን መሬት ላይ መጣላቸው ነው። መኳንንት የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ ሲነዳ ወገቡን ይዞት፣ ሐኪሙ ሰውነትህን አንቀሳቅስ ቢለው ነበር ታይ ቺ የጀመረው። አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው ክንዳቸውን ከክንዱ አነካክተው «ግፋኝ» አሉት። የሰባ ዓመት ሰው እንዴት ተደርጎ ይገፋል? ለትልቅ ሰው እጅ እንደሚነሳ ሁሉ ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ነካ አደረጋቸው። «ግፋ እንጂ!» ሲሉት ግን ከልቡ ገፋ። ሽማግሌው ወገባቸውን ዞር ሲያደርጉ መኳንንት የሚገፋው አጣና ሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። እሱም ልብሱን አራግፎ አኮረፈ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤድፎርድ ይሄዳል፤ ከመኪናው ግን አይወርድም። ተማሪዎቹ በሚያዩት ቦታ ፓርክ አድርጎ፣ ፊቱን አጥቁሮ ይቀመጣል። አገር ቤት ቢሆን እስካሁን ሁለት ሦስት ሽማግሌ «ኧረ በመድኃኔዓለም፣ ተው ታረቅ» ብሎት ነበር። እዚህ ማን ይምጣ!

በሦስተኛው ቅዳሜ ጭራሽ መቀመጫው እሾህ ሆነበት። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ወርዶ ጎማውን ይረግጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ማራማዊት የምትሄደው ዛሬ ነው። በአምስት ሰዓት ጓደኛዋ መጥታ ትወስዳታለች። ደህና ሁኚ ማለት መሸነፍ መስሎት ነበር በጠዋት ከቤት ሹልክ ያለው።

መስኮቱ ተንኳኳ፤ ሚስተር ሊዩ ናቸው። በመጨረሻ! መኳንንት መስኮቱን ጣት የምታስገባ ያህል ብቻ ዝቅ አደረገ።

«ወገብህ ባሰብህ?» አሉት፣ ሁለቱም በሚግባቡበት ሰባራ እንግሊዝኛ።

«ወገቤ ደህና ነው። ተቆጥቼ ነው። በእርስዎ! ሦስት ሳምንቴ!»

ሽማግሌው ክው አሉ። «አላወቅሁም እኮ። የምታርፍ መስሎኝ በየሳምንቱ እጄን ሳውለበልብልህ ነበር።» ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ያን ቀን የጣለህ ጉልበቴ አይደለም። እኔ ዞር ብዬ ተለወጥኩ፣ አንተ እዚያው ቀረህ። አሁንም እዚያው ነህ። ሌላው እስኪለወጥ የሚጠብቅ ሰው መኪናው ውስጥ ይቀራል።»

መኳንንት ደነገጠ። ይሄ ሰው መኮረፉን ካላወቀ፣ ማራማዊትስ? በሦስት ዓመቷ አሜሪካ የገባች ልጅ፣ ኩርፊያ በሽማግሌ ሲታረቅ አይታ የማታውቅ! ቁልፉን አዞረ።

መንገዱ ተጨናንቋል። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየዘለለ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ራሱን እየሰደበ ነዳ። ሰፈሩ ቪከሪ ሜዶ ሲደርስ ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። የአፓርታማቸውን ደረጃ ሮጦ ወጣ። ማራማዊት ትልቅ ካርቶን በደረቷ አቅፋ ከበሩ ልትወጣ ስትል ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ያ ክፉ ኩራቱ ተነሳና በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዳዲ» አለችው አንገቷን ደፍታ። ካርቶኑ ደረቱን ነካው።

ክንዱን ሊገትር አሰበ። ወገቡ ግን ቀደመውና ዞር አለ። ካርቶኑ አልፎት ወደ ደረጃው ሲያዘነብል፣ ልጅቷም አብራው፣ እሱ ሣሩ ላይ እንደተደፋው ልትደፋ ስትል ዘሎ ካርቶኑን ከፊት ያዘላት።

«ቀስ በዪ! ደረጃ አለ» አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለእሷ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ሆነ።

ልጅቷ ቀና አለች። «አወራኸኝ?»

«አኩርፌሽ ነበር እኮ።»

«ማድ ነበርክ? ተቆጥተህ? በእኔ?» ካርቶኑን አጥብቃ ያዘች። «እኔ እኮ... ማለቴ፣ ስለምሄድ አዝነህ መስሎኝ። ሶ ስፔስ ልስጠው፣ ብቻውን ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። በጣም ከባድ ነበር፣ ዳዲ።»

 እሱ ሲቀጣት የከረመ መስሎት፣ እሷ ለካ ስታስታምመው ነው የከረመችው። ከታች የጓደኛዋ መኪና ጡሩንባ ነፋ።

«ሂውስተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አራት።»

«እንግዲያው ጓደኛሽ ትሂድ፤ እኔ አደርስሻለሁ» አለ። አራት ሰዓት ለሦስት ሳምንት ወሬ እንደማይበቃ ያውቀዋል። ካርቶኑን በፊት በኩል እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ ልጁ አድርጎ፣ የኋሊት ደረጃውን አንድ ባንድ መውረድ ጀመረ።