ለሁለተኛው ሱቅ የሚሆን አገር

ባሌ አስቻለው ውጭ አገር ሁለተኛ ሱቅ እንክፈት ያለኝ በሐምሌ ነው። የናይሮቢን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ኬንያ ብርድ የለም ይላል። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ይከርማል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ሰው ሁሉ ይነጫነጫል፤ ከሰው ሁሉ ደግሞ እኔ እብሳለሁ።

ኪሊማኒ ሰፈር ባለው ባልትና ቤታችን ሽሮ እየመዘንኩ ሳሽግ ገባና ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ «ጽጌ፣ ካምፓላ ወይ ኪጋሊ ቅርንጫፍ ብንከፍትስ?» አለኝ። ምሳ የት እንብላ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ ነው ያመጣው።

«ማን ሊሠራበት?»

«እኔ ነኛ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት እዚያው ሆኜ ላቋቁመው። ይሄኛውን አንቺ ትይዣለሽ።»

«ሁለት ዓመት ብቻህን?»

«ሱቅ በስልክ አይቋቋምም መቼስ» አለና ዕቃ ሊያወርድ ወደ ጓዳ ገባ።

እንዲሄድ አልፈለግኩም። ልጅ የለንም፤ በዚህ ከተማ ያለኝ ዘመድ እሱ ብቻ ነው። ግን አትሂድብኝ ማለት አልወድም፤ ለምኜ ያስቀረሁት ሰው ቤቴ ውስጥ ሲንጎራደድ ማየት አልችልበትም። ስለዚህ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ መጀመሪያ ግን ገበያው ይጠና» አልኩት። ማርኬቲንግ የተማርኩት እዚሁ ናይሮቢ ነው። የራሳችንን ሱቅ ከመክፈታችን በፊትም አንድ ሱፐርማርኬት ቢሮ ውስጥ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሸጥ ሳጠና ነው የቆየሁት። አስቻለው ደግሞ ለሂሳብ እጅ የሚሰጥ ሰው ነው። አያዋጣም የሚል ጥናት ካቀረብኩለት ይቀራል፤ እኔም ሳልለምነው ይቀርልኛል። ሂሳቡን ላጭበረብር ግን አላሰብኩም፤ የሚያዋጣ ከሆነም ያዋጣል ብዬ ነው የተነሳሁት።

ካምፓላ በአውቶቡስ ሄጄ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ፀጉር ቤት ያላት የኮሌጅ ጓደኛዬ ራሔል ጋ አረፍኩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እየዞርኩ ያገኘሁትን ሐበሻ ሁሉ ጠየቅሁ። እዚህ ከተማ ጥሩ ባልትና ቤት ብንከፍት ትገዛላችሁ?

«እንዴታ» አሉኝ። «እሰይ፣ ተቸግረን የለ እንዴ።» «መቼ ነው የምትከፍቱት?» አንዲት ሴትዮ አቅፋ ሳመችኝ። አንድ ሰው እንኳ አልገዛም ያለኝ የለም። ለአስቻለው ደውዬ ሁሉም እንገዛለን እንደሚሉ ስነግረው፣ «አላልኩሽም?» ብሎ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ስልኩን ዘግቼ ራሔል ሶፋ ላይ ኩርፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሞኝነቴ የገባኝ በማግስቱ ምሳ ላይ ነው። ራሔል የሠራችው የምስር ወጥ ጥሩ ነበር፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ «በርበሬሽን ከማን ነው የምትገዢው?» አልኳት።

«መግዛት?» አለችኝ፤ ሰደብኳት እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። «እማዬ ናታ የምትልክልኝ። ሰው በመጣ ቁጥር ሻንጣው ውስጥ ትወሽቅልኛለች።»

«ታዲያ ትናንት ከሁሉም ቀድመሽ እገዛለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እና ፊትሽ ቆሜ አልገዛሽም ልበልሽ? አንቺ ደግሞ።»

ሐበሻን ፊት ለፊት ትገዛለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የአገሩ ልጅ ከናይሮቢ ድረስ መጥታ ሱቅ ልከፍት ነው ስትለው ይሉኝታ የሌለው የትኛው ነው እምቢ የሚላት? ተምሬያለሁ የምል ሴትዮ ምርቃትን ለገበያ ቆጥሬው መጣሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን ቀየርኩ። በየቤቱ እየሄድኩ፣ የተሰጠኝን እየቀመስኩ፣ በርበሬው ከየት እንደመጣ ብቻ መጠየቅ ጀመርኩ። እናቴ ናት። እማዬ ናት። እትዬ ናት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሽሮውም፣ ቅቤውም፣ ኮረሪማውም እንደዚያው። ኪጋሊ ስወርድ ደግሞ ባሰ፤ ሥራ ይዘው የሄዱ ወጣቶች ናቸው፤ አውሮፕላኑ በቀጥታ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ የእናት ሻንጣ እየመጣ የሰው በርበሬ በገንዘቡ የሚገዛ የለም።

ታዲያ የእኛ ደንበኞች እነማን ናቸው? ወደ ናይሮቢ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይሄንን ሳሰላስል መጣሁ። ጋሽ ጌታቸው እናታቸውን ከቀበሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ብርሃነመስቀል ያደገው ያለ እናት ነው። ሠርክ የምትባል ደንበኛችን ትዝ አለችኝ፤ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ድሮ ለኮረሪማ ብቻ ነበር ብቅ የምትለው። አንድ ቀን ጥቁር ለብሳ መጣችና በርበሬው መደርደሪያ ፊት ቆመች። ብዙ ቆየች። «የማያቃጥለው የትኛው ነው?» አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ «ስንት ኪሎ ነው ሰው የሚገዛው?» አለች። ያን ዕለት ሐዘን ያደነዘዛት መስሎኝ ነበር። ለካ ሴትዮዋ በርበሬ ገዝታ አታውቅም። እኛ የምንሸጠው እናቱ ለሞተችበት ሰው ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ስንነግድ ይሄ አልገባንም።

ሱቅ ዘግተን እራት ስንበላ ይሄንኑ ለአስቻለው ነገርኩት። ካምፓላና ኪጋሊ የልጆች ከተሞች ናቸው፣ እናቶቻቸው አሉ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ተመልሰን ብንጠይቅ ይሻላል አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። የማላውቀው ሰው ሁሉ እናት በሕይወት መኖሯ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አስቻለው ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ አዳመጠኝ። «ልክ ነሽ» አለ። «ጁባስ?»

ጁባን አጠናሁ። ሐበሻው እዚያ ሆቴል ቤት ነው የሚበላ፤ ሆቴል ቤቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ በጅምላ ነው የሚያስጭን። አያዋጣም አልኩት። «እሺ፣ ዳሬሰላምስ?» ዳሬሰላምን አጠናሁ፤ ያለው ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነው። «ሊሎንግዌስ?» ሊሎንግዌ ያለው ሐበሻ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያልፍ መንገደኛ ነው፤ የሚያልፍ ሰው ድስት አይጥድም። «እሺ፣ ሉሳካን እይልኝ።»

ግራ ያጋባኝ አለመከፋቱ ነው። ነጋዴ የወደደውን ቦታ አይሆንም ስትለው ይከራከራል፣ ወይ ይናደዳል፣ ቢያንስ ለምን ይላል። አስቻለው ባንኮኒው ላይ በኪሎ ሃያ ሽልንግ ቀንስልኝ ከሚል ደንበኛ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ነው። ካምፓላን ስነጥቀው ግን አንድ ቃል ሳይከራከር ሌላ ከተማ ጠራልኝ። እኔም እየተናደድኩ ሌላውን አጠናለሁ። አንዱን ስዘጋ ሌላ ይከፍታል።

በነሐሴ መጀመሪያ ኩለሱም ጋ ዕቃ ልመርጥ የናይሮቢ ነጋዴ ወደሚሰበሰብበት ሰፈር፣ ወደ ኢስትሊ ሄድኩ። ኩለሱም የሞያሌ ልጅ ናት፤ ጤፋችንም በርበሬያችንም በእሷ እጅ ነው የሚመጣው። እንደ እህት ነን፤ እህት ስለሆነችም ምላሷን አትቆጥብልኝም። ጆንያዎቹን እያስፈታችልኝ፣ «ባልሽ ሰሞኑን መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ሉሳካ ያለውን ወንድሜን ስልክ ናምባ ወሰደ።»

«ስለ ገበያው ሊጠይቀው ነዋ።»

«ወላሂ ስለ ገበያ አንድ ቃል አላነሳም። እኔንም የጠየቀኝ አንድ መኝታ ቤት ስንት ይከራያል፣ ለብቻው ለሚኖር ሰው ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ ነው።» ጆንያውን ለቀቀችው። «ስሚኝ፣ እኔ ስንቱን ነጋዴ አይቻለሁ። ገበያ የሚፈልግ ሰው ኪዮስክ ነው የሚጠይቅ፣ የጉምሩክ ሰው ነው የሚጠይቅ። አልጋ አይጠይቅም። ቤታችሁ ደኅና ነው ጽጌ?»

«ደኅና ነው።»

«ፖሌ ፖሌ ያዢው እንግዲህ። አላህ ይርዳሽ» አለችኝና ወደ ጆንያዋ ተመለሰች። ቀስ ብለሽ ያዢው ማለቷ ነው። ምኑን እንደምይዘው ግን አልነገረችኝም።

ስመለስ የተሳፈርኩበት ማታቱ፣ ያው ሚኒባስ ታክሲ፣ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል፤ ለማልቀስ ጥሩ ነው፤ ማንም አይሰማም። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱንም ጊዜ ወርዶብኛል። ከሁለተኛው በኋላ አስቻለው ሆስፒታል ደጃፍ ላይ እጄን ይዞ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁም። አልተጣላንም። አልሰደበኝም፣ አላመሸብኝም፣ ሌላ ሴት የለችም፤ ብትኖር ኢስትሊ ትሰማ ነበር፣ ኩለሱምም ትነግረኝ ነበር። እየቆየ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው ስለ ዕቃ ብቻ ሆነ። ሽሮ አልቋል። ቅቤው መጥቷል። እንደዚህ ሆነን ዓመታት ሄዱ፤ እኔ ይሄንን ሰላም ነው ብዬ ነበር የያዝኩት።

የተጋባነው ደግሞ በቁርባን ነው። እናቱም እናቴም ቆመው፣ ቄሱ ባሉበት፣ ሞት ካልሆነ አይለየን ብለን። አስቻለው ከቅዳሴ የማይቀር ሰው ነው፤ ልፍታሽ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ቢወጣ ራሱ ይታመማል። በቁርባን የተጋባ ሰው አይፋታም፤ ቅርንጫፍ ይከፍታል። እኔ ካምፓላን ከኪጋሊ፣ ኪጋሊን ከጁባ ሳወዳድር ከረምኩ። እሱ የሚያወዳድረው ግን አንድ ነገር ነው፤ ከእኔ ጋር መኖርንና ከእኔ ጋር አለመኖርን። የትኛው ከተማ እንደሚሆን ግድም አልነበረውም።

ተናደድኩ። ቤት እስክደርስ የምናገረውን ሁሉ ደርድሬ ነበር። ገብቼ ሳየው ወጥ ቤት ቆሞ ሽንኩርት ይከትፋል፤ እኔ ስዘገይ እሱ ነው እራት የሚጀምረው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ጀርባውን አየሁት። ጎብጧል። እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ሰው ስቆጣ ይሄ ሰውዬ አጠገቤ እንዲህ ማለቁን አላየሁም። ከእኔ ልትሄድ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው የሚመልሰውን አውቃለሁ፤ ኧረ ጽጌ፣ ምን ማለትሽ ነው ይላል። ከዚያ ይቀራል። እግዚአብሔርን ፈርቶ ይቀራል፣ ሰው ምን ይላል ብሎ ይቀራል፣ ለእኔም አዝኖ ይቀራል። ከሁሉም የቆረጠኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። እወደዋለሁ፤ አሁንም እወደዋለሁ፤ አዝኖልኝ የሚቀር ባል ግን ምን አደርገዋለሁ?

ገበታ ቀርበን መብላት ጀመርን።

«ሉሳካን አየሽው?» አለኝ።

አይቼዋለሁ። ካየኋቸው ሁሉ የባሰው እሱ ነው። ሐበሻው አንድ ቤት ውስጥ ቢሰበሰብ ወንበር ይተርፋል። መኪናው ከሞያሌ ተነስቶ ድንበር በድንበር ሲንከባለል ቅመሙ ሽታውን ጨርሶ ነው የሚደርሰው። ይሄንን ሁሉ ለመናገር አፌን ከፈትኩ።

«አየሁት» አልኩት። «ጥሩ ገበያ ነው። እስካሁን ካየናቸው ሁሉ ይሻላል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አላየኝም ነበር። አንድ ነገር የሚለኝ መስሎኝ ጠበቅሁት። ስንት ሐበሻ እንዳለ አልጠየቀኝም። ኪራዩን አልጠየቀኝም። ውሃውን ጠጣና፣ «እንግዲያው ከመስከረም በፊት ብሄድ ይሻላል» አለኝ፤ እኔም አዎ፣ ይሻላል አልኩት።