የቦይለር ሠራተኛው ንግግር

ያን ዓርብ የጋበዝኩት እንግዳ አጵሎስ ይባላል። ሰበታ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የቦይለር ሠራተኛ ነው፤ ውሃ አፍልቶ ለማሽኖቹ እንፋሎት ይልካል። ከወላይታ ከመጣ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ልጁ ኤዶም እኔ ኬሚስትሪ የማስተምራት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት።

በትምህርት ቤታችን በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት «የእንግዳ ሰዓት» አለ። አዘጋጇ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ከሱሉልታ አንዲት ሯጭ መጥታልን ነበር። ከቡራዩ የመጣው የብረታ ብረት ሠራተኛ ደግሞ ስለ ሥራው ሲያወራ ልጆቹ የመውጫ ደወል ተደውሎም አልተነሱም። እሱ በኋላ የቤተ ሙከራችንን ጠረጴዛዎች በነጻ ሠራልን። የጋዝ ሲሊንደሩን ያገኘነው ከአንድ ሆቴል ነው፤ ደብዳቤውን ጽፌ፣ ደጅ ጠንቼ፣ በባጃጅ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዳይድበሰበስ ብዬ ነው።

ኤዶም ሰኞ ዕለት መጥታ አነጋግራኝ ነበር።

«ቲቸር፣ አባዬ ንግግር አይችልም። ሌላ ሰው ቢጋበዝስ?»

«ለምን አይችልም?»

«መሀል ላይ ዝም ይላል። አማርኛውም...» አለችና ተወችው።

የፈራችው ለእሱ ይሁን ለራሷ መለየት አቃተኝ። «አይዞሽ» ብዬ ሸኘኋት።

ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ንግግሩ ከቤተ ሙከራው አጠገብ ባለው ክፍል ሆነ፤ ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኝ አንድ የእንጨት በር አለ። አጵሎስ ታጥቦ የተተኮሰ ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ አይሰማም ነበር። ቀስ እያለ ግን ከፍ አለ።

«እንፋሎት አይታይም» አላቸው። «ነጭ ሆኖ የምታዩት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። እኛን የሚያቃጥለን የማይታየው ነው።»

ልጆቹ ጸጥ ብለው እየሰሙት ሳለ ድንገት አቆመ። ጠበቅነው። ከኋላ አንድ ሁለቱ ሳቁ። የኤዶም ቃል ደረሰ ብዬ ተሸማቀቅኩ፤ ዓይኔም እሷን ፈለገ። ቦታዋ ባዶ ነበር።

አጵሎስ ፊቱን ወደ እንጨቱ በር አዞረ። ሄዶ ጎንበስ አለና አፍንጫውን ወደ በሩ ግርጌ አስጠጋ።

«መምህርት፣ ከዚህ ወዲያ ጋዝ አለ?» አለኝ፤ ድምፁን አልለወጠም።

«አለ» አልኩና ቀረብኩ። እንደበሰበሰ ሽንኩርት ሸተተኝ። ጠዋት ሠርቶ ማሳያ ካሳየሁ በኋላ ምድጃውን አጥፍቻለሁ፤ የሲሊንደሩን መዝጊያ ግን መዝጋቴን ማስታወስ አልቻልኩም።

«ልጆች፣ ሳትሮጡ ወደ ሜዳው ውጡ» አለ። «ማብሪያ ማጥፊያ ማንም እንዳይነካ። ስልክም እንዳትነኩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ውስጥ ኤሌክትሪክ ላይ የተሰካ ነገር አለ?»

«ፍሪጅ አለ።»

«መብራት ከመጣ ፍሪጁ ይነሳል። ሲነሳ እሳት ይረጫል። ቆጣሪው የት ነው?»

ቆጣሪው የግቢው በር አጠገብ፣ የጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። እኔ ሮጥኩ። እግሬ መሬት የሚረግጥ አይመስለኝም፤ ጆሮዬ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ይጠብቃል። ሽማግሌው ጥበቃችን ኦቦ ደገፋ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ማል ታኤ? ምን ተፈጠረ?»

«ኦቦ ደገፋ፣ ዋናውን ያጥፉት።»

«መብራት የለም እኮ ልጄ።»

«ሊመጣ ይችላል። ያጥፉት።»

ፊቴን አይተው ሌላ አልጠየቁኝም፤ አጠፉት።

ሜዳው ላይ ልጆቹን ቆጠርኩ። የክፍሉ ተማሪ ስልሳ ሁለት ነው፤ ስልሳ አንድ ሆኑብኝ። እንደገና ስጀምር የኤዶም ጓደኛ ጠይባ እያለቀሰች እጄን ያዘችኝ።

«ቲቸር፣ ኤዶም ቤተ ሙከራ ናት። አባቷ እስኪጨርስ ተደብቃ ነው። አትናገሪ ብላኝ ነው።»

ኤዶም የሳይንስ ክበቡ ሰብሳቢ ስለሆነች ቁልፉ እሷ ጋ ነበር፤ ከውስጥ ቆልፋለች። ሌላ ቁልፍ የለንም። አጵሎስ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። በሕይወቴ ለሰው መናገር እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም፤ ነገርኩት። ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ እየጠቀለለ ወደ ሕንፃው ጀርባ ሄደ። ኦቦ ደገፋና እኔ ተከተልነው።

በተጠቀለለው ክርኑ የመስኮቱን መስታወት ሰበረና እጁን አስገብቶ ከፈተው። ሽታው ወጥቶ ፊታችንን መታን።

«ኤዶሜ» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም።

ወዲያው የሚገባ መስሎኝ ነበር። አልገባም።

«አሁን ከገባሁ እኔም እወድቃለሁ። ትንሽ አየር ይግባ» አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረ ነበር። ልጁ እዚያ ውስጥ ወድቃ እያለች፣ አባት ደጅ ቆሞ ሲቆጥር አየሁ። ስንት ድረስ እንደቆጠረ አላውቅም። ከዚያ በደንብ ተንፍሶ፣ ትንፋሹን ይዞ በመስኮቱ ዘለለ።

በዚያች ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት አጓራ። መብራት መጥቷል።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ኦቦ ደገፋ ቆጣሪውን በትክክል አጥፍተውት ይሆን? ሌላ መስመር ቢኖርስ? ወፍጮው ማጓራቱን ቀጠለ፤ ከእሱ ሌላ ድምፅ አልተሰማም። ዓይኔን ስገልጥ የኤዶም ጭንቅላት መስኮቱ ላይ ነበር። ኦቦ ደገፋ ብብቷን፣ እኔ ወገቧን ይዘን ሳብናት። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ግን ትተነፍሳለች። አጵሎስ ከመስኮቱ አየር ስቦ እንደገና ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ሲሊንደሩን ዘግቶ ወጣ።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ኦክስጅን ሰጧት። ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ ራሴን ራሴን አለች፤ አመሻሽ ላይ ነቃ አለች። አጵሎስ የሰጠሁትን ውሃ መያዝ አቅቶት እኔ ያዝኩለት።

«ሸትቶኝ ነበር» አለችው ኤዶም። «ግን ወጥቼ ልጆቹ ፊት መቆም ፈራሁ። ከዚያ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለ።

«ጋዙን?»

«ልጆቹን። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ጫማዋን አንስቶ ጭቃውን በጣቱ ይፍቅ ጀመር።

ከሲሊንደሩ ወደ ምድጃው የሚሄደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ተገኘ። መዝጊያውን ግን አልዘጋሁም ነበር፤ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አመለከትኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ቤተ ሙከራውም ተዘጋ። የእንግዳ ሰዓቱ ይቀጥል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ይቀጥል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት እንግዶች መጥተዋል። ምን እንደተናገሩ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ በሩ አጠገብ ቆሜ ስልሳ ሁለቱን ደጋግሜ እቆጥር ነበር።